ብርቄ ቀበሮ ዘገየን የጠበቀችበት ቀን

አንድ ጊዜ፣ አንበሳ አዋጅ ማስነገር በሚወድበት ዘመን፣ በአንድ ወንዝ ዳር ሰፊ ለምለም መስክ ነበረ። በዚህ መስክ ላይ ማንም ማንንም እንዳይበላ አንበሳው ከልክሏል። የከለከለው ከደግነቱ ብዛት አልነበረም፤ ውሃ ጠጥቶ ጋደም ባለ ቁጥር የሚያሯሩጠውና የሚሯሯጠው ሁሉ እንቅልፍ ስለነሳው ነው። የመስኩ ድንበር ከወንዙ ማዶ በረድፍ የበቀለው ደንገል ነበር። አስገድዶ ሌላውን ከደንገሉ ያሻገረ ከአንበሳው ጋር ይተያያል። በገዛ እግሩ የተሻገረ ግን የራሱ ጉዳይ ነው።

በዚያ መስክ ታንጉት የምትባል አህያና ብርቄ የምትባል ቀበሮ ይኖሩ ነበር። ሁለቱ ባልንጀሮች ናቸው። አህያንና ቀበሮን ምን አገናኛቸው የሚል ቢኖር ነገሩ ቀላል ነው፤ ብርቄ ማውራት ትወዳለች፣ ታንጉት ደግሞ ረጅም ጆሮ አላት።

ታንጉት አንድ ውርንጭላ ነበራት። ከቀኑ አልፎ ስለተወለደ ዘገየ ብላ ስም አወጣችለት። ዘገየም እንደ ስሙ ሆነ። ለመቆም ዘገየ፣ ለመሮጥ ዘገየ፣ ለመናገርማ ጨርሶ አልቸኮለም። እኩዮቹ እየተራገጡ መስኩን ሲያምሱት እሱ ከአንድ ቅጠል ጫፍ የተንጠለጠለች የውሃ ጠብታ እስክትወድቅ ቆሞ ያያል። ስትወድቅ ይስቃል። ከዚያ ሌላ ጠብታ ይፈልጋል። የሚናገረው ቃል አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም «እንደገና» የሚል ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ዘገየ ሥርዓት ይወዳል። ከመኝታው ተነስቶ ወደ ወንዙ ሲወርድ መጀመሪያ ጎኑን ከዋርካው ግንድ ጋር ያሻል። ቀጥሎ ኩይሳውን ይዞራል። ከዚያ ጉድባውን ይዘላል። ወንዙ ዳር ሲደርስ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፣ እሱን ያሸታል፤ ውሃ የሚጠጣው ያን ጊዜ ነው። አብሮት የሚሄድም ሁሉ እንደዚሁ ማድረግ አለበት። አንዱ ከተዘለለ ዘገየ ባለበት ይቆምና «እንደገና» ይላል። እንደገና ማለት ከዋርካው ጀምሮ ማለት ነው። እምቢ ካሉት በጀርባው ይንጋለልና አራት እግሩን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ያናፋል። ያን ጊዜ ጉማሬዎች ሳይቀሩ ጭንቅላታቸውን ውሃ ውስጥ ይደብቃሉ።

የመስኩ እንስሳት ስለ ዘገየ የማይሉት አልነበረም። ከርከሮው «ጭቃ ውስጥ በደንብ ቢንከባለል ይተወው ነበር» ይላል። ለከርከሮ ጭቃ የማያድነው በሽታ የለም። ጅግራዋ «ጆሮው ስለረዘመ ይሆናል» ትላለች፤ የአህያ ጆሮ ሁሉ ረጅም መሆኑን የሚነግራት አልተገኘም። እሜት ጦጢት ደግሞ ልጁ በጅራቱ ከዛፍ ላይ ቢንጠለጠል ሐሳቡ እንደሚሰበሰብለት ታስረዳ ነበር። ታንጉት ሁሉንም ትሰማለች፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች፣ ከዚያ ከልጇ ጋር ኩይሳዋን ትዞራለች።

ብርቄ ግን ምክር አትሰጥም። የእሷ ሥራ ማድነቅ ነበር። በየጠዋቱ ከጉድጓዷ ወጥታ ከታንጉት ፊት ጅራቷን አስተካክላ ትቀመጣለች።

«ታንጉትዬ፣ አንቺን ሳይ ቃል ያጥረኛል» ትላለች፤ ከዚያም ቃል ሳያጥራት ፀሐይ ከፍ እስክትል ታወራለች። «ይህ ትዕግሥት ከየት የመጣ ነው? አንቺ እኮ እንደኛ አይደለሽም። አንቺን የፈጠረ ለብቻሽ ነው የፈጠረሽ። እኔ ብሆን ኖሮ አንድ ቀን አልውልም።»

ታንጉትም ጆሮዋን ጣል አድርጋ ታዳምጣለች።

አንድ ጠዋት ግን ታንጉት የብርቄን ንግግር መሐል ላይ አቋረጠች። እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

«ብርቄ፣ ጀርባዬን እዪልኝ» አለች።

ብርቄ አየች። የታንጉት ፀጉር ደብዝዟል፣ እዚህም እዚያም ተመልጧል።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ጨው አጥቼ ነው። ከተራራው ሥር ያለውን ጨዋማ አፈር ዘገየን ከወለድኩ ጀምሮ ልሼው አላውቅም። እዚያ ግፊያና ጩኸት አለ፤ እሱ ደግሞ ጩኸት አይችልም። ጥዬው እንዳልሄድ የሚይዝልኝ የለም።»

«አይ የእናት ነገር» አለች ብርቄ፣ ዓይኗ እንባ እያቀረረ። «ለልጅሽ ብለሽ ጨው ተውሽ። አሁንማ ጭራሽ ነው የማደንቅሽ።»

«አድናቆትሽን እወደዋለሁ» አለች ታንጉት። «ግን አይላስም። ዛሬን ያዥልኝና ልሂድ።»

ብርቄ አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። ጉድጓዷ እየፈረሰ ነው ልትል አስባ ነበር። አክስቷ ታማለች ልትልም አስባ ነበር። ነገር ግን ታንጉት ዓይን ዓይኗን ታያት ነበርና ውሸቱን ተወችው። ደግሞም ትንሽ ኩራት ያዛት። ሳያመው ታመሃል ብላ አንበሳን ያስተኛች ብርቄ አንድ ውርንጭላ መጠበቅ ሊያቅታት ነው?

«ሂጂ» አለች። «እንዲያውም ሳትቸኩይ ላሺ።»

ታንጉት መንገዱን ሁሉ አሳየቻት፤ ዋርካውን፣ ኩይሳውን፣ ጉድባውን፣ ድንጋዩን። በመጨረሻም እንዲህ አለቻት፦ «የሚረበሽበት ጊዜ ይኖራል። ያን ጊዜ አትጩሂበት፣ አትጎትቺው። ከጎኑ ቁሚና ዝም በይ። ቀስ ብሎ ራሱ ይመለሳል።»

«ዝም ልበል?» አለች ብርቄ። «ዝም ማለት ሥራ ነው እንዴ?»

«ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው» አለች ታንጉት። የልጇን ግንባር ላሰችና ሄደች።

ብርቄ እናትየው ከኮረብታው ጀርባ እስክትሰወር ጠብቃ ወደ ዘገየ ዞረች።

«በል ጎበዝ፣ ውሃ ልንጠጣ ነው» ብላ ቀጥታ ወደ ወንዙ ተራመደች። ጥቂት ሄዳ ዞር ስትል ዘገየ ከዋርካው ጋር ተለጥፎ ቆሟል።

«ና እንጂ።»

ዘገየ ጎኑን ግንዱ ላይ አሸና አያት።

ብርቄ ፀጉሯን የምትወድ ቀበሮ ናት። በዋርካ ቅርፊት ልታበላሸው አልፈለገችም። «እኔ ትናንት አሽቼ ነው ያደርኩት» አለች። ዘገየ አልተንቀሳቀሰም። ብዙ ከለመነች በኋላ ጫፍ በጫፍ ነካ አደረገች። ጉዞው ተጀመረ።

ኩይሳው ጋ ሲደርሱ ፀሐይዋ ሞቅ ብላ ነበርና ብርቄ አቋራጭ አማራት። «ኩይሳው ዛሬ አሞታል፤ አይዞርም» አለች፣ ድምፅዋን በሐዘን ዝቅ አድርጋ። ዘገየ ኩይሳውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። ኩይሳው ደህና ነበር። ምስጦቹም ሥራ ላይ ናቸው።

«እንደገና» አለ ዘገየ፣ ወደ ዋርካው እየተመለሰ።

ብርቄ ማር አሳይሃለሁ አለችው፤ ማር አልፈለገም። ቆንጆ ነህ፣ ከውርንጭላዎች ሁሉ አንተን የሚያህል የለም አለችው፤ በጆሮዋ ላይ የምትሄደውን ጉንዳን ያይ ነበር። ጅብ ይመጣብሃል አለችው፤ ዘገየ በደስታ ዙሪያውን ማየት ጀመረ፣ ጅብ ሊያሳዩት መስሎት። ቀበሮ ሌላውን የምታታልለው ምን እንደሚመኝና ምን እንደሚፈራ አውቃ ነው። ይህ ልጅ ግን የሚመኘው መንገዱ እንዳይዛባበት ብቻ ነበር። ብርቄ በሕይወቷ ያጠራቀመችው ብልሃት ሁሉ አንድ በአንድ ወጥቶ አለቀ፣ እነሱ ግን ገና ከኩይሳው አላለፉም።

በመጨረሻ ብልሃቱን ትታ እንደተባለችው አደረገች። ጎኗን አሸች፤ ኩይሳውን ዞረች፤ ጉድባውን ዘለለች። ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ አፍንጫዋን ስታሳርፍ እሜት ጦጢት ከዛፍ ላይ ሆና «ምን ጠፍቶሽ ነው የምታሸቺው?» አለቻት። ብርቄ አልመለሰችም። ዘገየ ግን ውሃውን ጠጣ፣ አፉ እየተንጠባጠበ ጠብታዎቹን አይቶ ሳቀ፣ ጭንቅላቱንም አንድ ጊዜ ትከሻዋ ላይ አሳረፈ። ብርቄ ምን እንደተሰማት ለራሷም አልገባትም። ደስ አላት።

ደስታዋ ግን አልቆየም። ዘገየ ጠጥቶ ሲበቃው ቀና ብሎ አያትና «እንደገና» አለ።

ፀሐይ መሐል ሰማይ ላይ ስትደርስ የብርቄ ፀጉር ከዋርካው ቅርፊት በሚወጣው ወተት መሰል ሙጫ ተጣብቋል፤ እግሮቿም ዝለዋል። ዘገየ ኩይሳው አጠገብ ቅጠል ማየት ሲጀምር እሷ ጥላው ሥር ተቀመጠች። «ዓይኔን ብቻ ላሳርፍ» አለች። ዓይኗን ተከትሎ ሌላው አካሏ ሁሉ አረፈ።

ይህን ሁሉ ከደንገሉ ውስጥ ሆኖ የሚያይ ነበር። አያ ጅቦ ከጠዋት ጀምሮ ምራቁን እየዋጠ አድፍጧል። እንዲህ ብሎም አሰበ፤ እናቲቱ የለችም፣ ብልጧም ተኝታለች፣ ልጁ ደግሞ ነገር ቶሎ አይገባውም። ቶሎ የማይገባውን ማታለል ምን ያስቸግራል? በገዛ እግሩ ከደንገሉ ያልፋል፣ አንበሳም አይቆጣም፣ ምሳም ይደርሳል። ጅብ ይህን ያህል ሐሳብ በአንድ ጊዜ አስቦ ስለማያውቅ ራሱን ትንሽ አዞረው።

ወንዙን ተሻግሮ፣ ድምፁን አለስልሶ ቀረበ።

«እንደምን ዋልክ የኔ ልጅ። እኔ የእናትህ ወንድም ነኝ።»

ዘገየ የጅቡን ጆሮ ተመለከተ።

«አሞኝ ነው ያጠረው» አለ ጅቡ፣ ሳይጠየቅ። «ና፣ ቤቴ ማዶ ነው። ምሳ ደርሷል።» ይህ እንኳ ውሸት አልነበረም።

ዘገየ ወዲያው ተነሳ። ጅቡም በደስታ ወደ ወንዙ ዞረ። ልጁ ግን የሄደው ወደ ዋርካው ነበር።

«ወዲህ ነው፣ የእህቴ ልጅ።»

ዘገየ ጎኑን አሽቶ ጠበቀ። ጅቡ ሄዶ አየው። ቢጎትተው አንበሳው መስማቱ አይቀርም። እንግዲህ ምን ይደረጋል ብሎ እሱም ጎኑን አሸ። ከዚያ ረሃቡ አጣደፈውና ኩይሳውን ሳይዞር አለፈ።

«እንደገና» አለ ዘገየ።

«ምኑን?»

ዘገየ ዋርካው ጋ ተመልሷል። ጅቡ እምቢ አልኩ ብሎ ቆመ። ልጁ በጀርባው ተንጋለለ፣ እግሮቹን ሰቀለ፣ አየርም መሳብ ጀመረ። ጅቡ የተኛችውን ቀበሮ አየ፤ ሮጦም መጣ። «እሺ፣ እሺ፣ አትጩህ፣ ከግንዱ እንጀምር» አለ።

አሹ። ኩይሳውን ዞሩ፤ ብርቄ እዚያው ተኝታለችና ጅቡ በእግሩ ጣት እየተራመደ፣ ሆዱ እንዳይጮህበት በመዳፉ ይዞ ነው የዞረው። ጉድባው ጋ ሲደርስ የጅብ የኋላ እግር ለዝላይ አልተፈጠረምና ውስጡ ወደቀ። «እንደገና።» አሹ፣ ዞሩ፣ ዘለሉ። ድንጋዩ ጋ ደረሱ። ዘገየ አሸተተ። ጅቡም ሊያሸት ጎንበስ አለ፤ ነገር ግን አፍንጫው በገዛ ፈቃዱ ከድንጋዩ ወደ ዘገየ ታፋ ዞረ።

«እንደገና» አለ ዘገየ።

ጅቡ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። ቢሆንም ምሳው ምሳ ነውና ተመለሰ። በዚህኛው ዙር ዓይኑን ጨፍኖ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ አንዳች ሳያዛባ ድንጋዩን አሸተተ። ዘገየ ውሃውን ጠጣ። ጅቡ ደክሞት ወንዙን ተሻገረና ደንገሉ ላይ ተደገፈ። ደንገሉ ሲነቃነቅ ከጫፉ ላይ የነበረው ውሃ ጠብ ጠብ አለ።

ዘገየ ሳቀ።

ጅቡ ዞሮ አየው። ደንገሉን አንድ ጊዜ ነቀነቀ። ጠብታው ወረደ፣ ልጁም እየሳቀ ወንዙ ውስጥ ገባ። በዚያ በኩል ወንዙ ከጉልበት አያልፍም። ጅቡ ማንም ሳይነግረው የልጁን ልብ አገኘው። ይነቀንቃል፣ ዘገየ ይጠጋል፤ ይነቀንቃል፣ ይጠጋል።

ብርቄን የቀሰቀሳት ያ ሳቅ ነበር። ሳቁ የመጣው ከማዶ ነው። ብድግ ብላ ስታይ ዘገየ ወንዙ መሐል ደርሷል፤ ከደንገሉ ውስጥ ደግሞ ሁለት ዓይኖች ያበራሉ። ጉድባውን በአንድ ዝላይ አልፋ ወደ ወንዙ ሮጠች።

«አያ ጅቦ፣ ሽሽ፣ አንበሳው መጣ» ብላ ጮኸች።

«አንበሳው ቆላ ወርዷል» አለ ጅቡ፣ መነቅነቁን ሳያቆም። «ይህን ባለፈውም ብለሽኝ አጥንቴን ጥዬ ሮጫለሁ። ስመለስ አጥንቱ የለም፣ አንቺ ግን ትግጪ ነበር።»

እውነቱን ነው። ብርቄ ፊቷን ወደ ልጁ አዞረች።

«ዘገየ፣ ተመለስ። ተመለስ ብዬሃለሁ፣ ይበላሃል።»

እንዲህ አጥብቃ ስትጮህ ዘገየ ጆሮውን አጣብቆ ተኮማተረ። ጩኸቱ የመጣው ከኋላው ነውና ሸሽቶ ወደ ፊት ተራመደ። የፊት እግሩ ደንገሉን ነካ። ጅቡ ምራቁን ዋጠ።

ብርቄ ያን ጊዜ ገባት። እየገፋችው ያለችው ራሷ ናት። ታንጉት ጠዋት ያለቻት ነገር በሐሳቧ መጣ፤ ብታምንበት ኖሮ ቀድሞ ይመጣላት ነበር። አፏን ዘጋች። ቀስ ብላ ወደ ውሃው ገባች፤ ቀዝቃዛው ውሃ ሆዷ ድረስ መጣ። ከልጁ ጎን ሄዳ ቆመች። አልነካችውም፣ አላየችውም። ዝም አለች።

ምላሷ አፏ ውስጥ ይዘል ነበር። የምትለው ብዙ ነገር ነበራት፤ ጅቡን የምትሰድበው፣ ልጁን የምትለምነው፣ ታንጉትን ይቅርታ የምትጠይቀው። ሁሉንም ዋጠችው። ከዚያ በፊት እንደዚያ ፈርታ አታውቅም፤ ዝም ብላም አታውቅም።

ጅቡ ግራ ተጋባ። ብርቄን ከልጅነቷ ጀምሮ ያውቃታል። እያወራች ያታለለችው ጊዜ ብዙ ነው፤ ዝም ስትል ግን ገና ማየቱ ነው።

«ምን ሆነሽ ነው ዝም ያልሽው?» አለ።

ብርቄ ውሃውን ብቻ አየች።

«ነገር አለ ማለት ነው። ምንድነው ያዘጋጀሽልኝ?» ከኋላው የመጣ እንዳለ ለማየት ዞረ። ማንም አልነበረም። ይህ ይበልጥ አስፈራው። ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ፣ ሰማዩንም አየ። በዚህ መሐል ደንገሉን መነቅነቅ ረሳ፣ ጠብታውም ቆመ።

ዘገየ ትንሽ ጠበቀ። ጆሮዎቹ ቀስ እያሉ ቀና አሉ። ትንፋሹ ረጋ። ጎኑን በብርቄ ርጥብ ጎን ላይ አስደገፈ። ብርቄ አሁንም አልተንቀሳቀሰችም።

«እንደገና» አለ ዘገየ፤ ዞሮም ወደ ዋርካው መንገድ ጀመረ።

ጅቡ «ከግንዱ ጀምሮ?» አለ በደከመ ድምፅ። ውሃው ውስጥ ቁጭ አለ። ሁለቱ ወደ ላይ ሲወጡ አያቸው። ከዚያ ተጣራ።

«እሜት ቀበሮ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እናቱ ይህን በየቀኑ ነው የምታደርገው?»

«በየቀኑ።»

«ዝናብ ሲዘንብም?»

«ሲዘንብም።»

ጅቡ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «እኔ ለሆዴ ብዬ እንኳ አልቻልኩትም» አለ። ጭቃውን አራግፎ፣ የደረቀ ቆዳ የሚገኝበትን እያሰበ፣ እያነከሰ ሄደ። ከዚያ ቀን በኋላ በጅቦች መሐል የታንጉት ስም ሲነሳ አያ ጅቦ «እሷን ተዋት፣ ሌላ ሴት ናት» ይል ነበር ይባላል።

ታንጉት ከጨው ስትመለስ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። ጀርባዋ ገና አላማረም፣ አረማመዷ ግን ቀሎታል። ከዋርካው ሥር ዘገየ ተኝቷል። አጠገቡ ፀጉሯ የተጣበቀ፣ ሆዷ ድረስ የረጠበ፣ ዝም ያለ አንድ ፍጥረት ተቀምጧል። ታንጉት ብርቄ መሆኗን ለማወቅ ጠጋ ብላ ማየት አስፈለጋት።

«እንዴት ዋላችሁ?»

ብርቄ «በጣም ጥሩ» ልትል አስባ ነበር። ጅቡን እንዴት እንዳሸነፈችውም ቆንጆ ታሪክ አዘጋጅታ ነበር፤ በታሪኩ ውስጥ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም።

«ተኛሁ» አለች። «ታንጉት፣ ደክሞኝ ተኛሁ። ጅብ መጣ። የልጁ እግር ደንገሉን ነክቶ ነበር።»

ታንጉት ልጇን ከጆሮው እስከ ጅራቱ አሸተተችው። ከዚያ ከጎኑ ተቀመጠች። ብርቄ ቁጣዋን ጠበቀች።

«እኔም ተኝቼ አውቃለሁ» አለች ታንጉት በመጨረሻ።

«አንቺ?»

«እኔ። ባለፈው ክረምት። ስነቃ ዘገየ ጎርፍ ዳር ቆሞ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። እናንተ በየጠዋቱ እንደኛ አይደለሽም፣ አይደክምሽም ስትሉኝ፣ ደከመኝ የምልበት ቦታ አጣሁ። ብርቄ፣ እኔ እንደማንኛዋም አህያ ነኝ። ኩይሳው የሚያስጠላኝ ቀን አለ። ዋርካው የሚያስጠላኝ ቀን አለ። ልጄ ግን አስጠልቶኝ አያውቅም።»

ብርቄ ዘገየን አየችው። በእንቅልፉ አፉ እየተንቀሳቀሰ ነበር።

«ጭንቅላቱን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ» አለች። «ጠዋት፣ ውሃ ከጠጣ በኋላ።»

«እሱን ለሁሉም አያደርግም» አለች ታንጉት፣ ፈገግም አለች።

ከዚያ በኋላ ብርቄ የጠዋት ንግግሯን ተወች። ታንጉት ጨው በሚያምራት ቀን ግን ሳትጠራ ትመጣለች፤ ጎኗን ዋርካው ላይ አሽታ ትጠብቃለች። ፀጉሯ እንደ ድሮው አላማረም። እሷም እንደ ድሮው አልተጨነቀችበትም።

አንድ ቀን ከርከሮው፣ ጅግራዋና እሜት ጦጢት ተሰብስበው ታንጉትን ሲያደንቁ አገኘቻቸው። «ምን ዓይነት እናት ናት» ይላሉ እየተቀባበሉ። ብርቄ ጨርሰው እስኪያበቁ አዳመጠች።

«ይህን ያህል ካደነቃችኋት» አለች፣ «ነገ ጨው ልትልስ ትሄዳለች፤ እኔን አሞኛል። ማን ይያዝላት?»

ከርከሮው ጭቃው እንዳይደርቅበት ማየት እንዳለበት ትዝ አለው። ጅግራዋ እንቁላል ላይ ነኝ አለች፤ ወራቱ አልነበረም። እሜት ጦጢት የት እንደገባች ማንም አላየም። ከሣሩ መሐል ግን አንዲት አሮጊት ኤሊ አንገቷን አወጣች። ስሟ እማማ ወለቴ ነው። መስኩ ላይ የሚቀድማት እንጂ የሚከተላት አይገኝም።

«እኔ ምን ሥራ አለኝ» አለች እማማ ወለቴ። «እኔ እውላለሁ።»

በማግሥቱ ዋለች። ታንጉት ስትመለስ ሁለቱ ገና ከዋርካው ወደ ኩይሳው በመሄድ ላይ ነበሩ። ዘገየ ከፊት ሆኖ፣ እየቆመ፣ ዞሮ ዞሮ እያየ ይጠብቃታል። ደስ ብሎት ነበር።

«እንዴት ነበር እማማ?» አለች ታንጉት።

«ልጁስ ደግ ልጅ ነው» አለች ኤሊዋ፣ እያለከለከች። «ትንሽ ይቸኩላል እንጂ።»

ከዚህ የምንማረው፣ ወዳጃችንን ከልብ የምናደንቅ ከሆነ ብርታቱን ከሩቅ ቆመን ከማውራት ይልቅ ከጎኑ ሆነን ድካሙን ለግማሽ ቀን እንኳ መካፈል እንደሚበልጥ ነው።